ወረቀት ይዘው ሲያነቡልሽ
(ከወረታ ለአንዲት ተመራቂ ጸሐፌ ተውኔት)

ልጄ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። የመመረቂያ ተውኔትሽን ተዋንያን ስክሪፕት ይዘው ሰው ፊት ሊያነቡት መሆኑን፣ አልባሳትም መብራትም እንደማይኖረው ጽፈሽልኛል። ከቃልሽ መካከል ቅሬታ ሸተተኝ፤ «መድረክ ሲነፍጉኝ ንባብ ሰጡኝ» ማለትሽ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ወረታ ተቀምጬ «እሰይ!» አልኩ። ዕድሜዬን በአማርኛ መምህርነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብ ስመራ ብዙ ልጅ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ ጽፎ ሲሰማ ያየሁት ግን ጥቂት ነው። የምነግርሽም ስለመስማት ነው። ቁጥር የሰጠሁት ለማስታወስ እንዲመችሽ እንጂ አንዱ ካንዱ ይበልጣል ብዬ አይደለም። (ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ግን ሁለቴ አንብቢያቸው።)

1. ንባብን የድሃ ቴአትር አድርገሽ አትይው።

ወንበሮች ተደርድረው፣ ተዋንያን ወረቀታቸውን ይዘው፣ አንድ ሰው ከጎን «በሩን ዘግታ ትቀመጣለች» እያለ የመድረክ መግለጫውን ሲያነብ መድረኩ ባዶ ይመስላል። ባዶነቱ ነው ጥቅሙ። የተዋበ አልባሳትና ጥሩ መብራት ደካማ ትዕይንትን ሸፍኖ ያሳልፋል። በንባብ ላይ ግን ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ ካልቆመም ሲወድቅ ይታያል። ሙሉ ዝግጅት ከተጀመረ በኋላ አንድ ትዕይንት ልታወጪ ብትፈልጊ ተዋናዩ ሸምድዷል፣ ልብሱ ተሰፍቷል፣ አዘጋጁም ያንን ትዕይንት ወዶታል፤ ሦስት ሰው ታስቀይሚያለሽ። ከንባብ በኋላ ለማውጣት የሚያስፈልግሽ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት፣ ዋተርፎርድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የዩጂን ኦኒል የቴአትር ማዕከል ዋና ሥራው ይኸው ነው። አዲስ ጸሐፊ ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል፣ የበቁ ተዋንያን ወረቀት በእጃቸው እንደያዙ ሕዝብ ፊት ያነቡለታል፣ እሱም አዳምጦ ያርማል። ጸሐፌ ተውኔቱ ኦገስት ዊልሰን ጽሑፉን ወደዚያ ደጋግሞ ልኮ ደጋግሞ ተመልሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1982 «ማ ሬኒስ ብላክ ቦተም» ተቀባይነት አግኝቶ እዚያ ተነበበ። የማዕከሉን የጸሐፌ ተውኔቶች ጉባኤ በኪነ ጥበብ ይመራ የነበረው ሎይድ ሪቻርድስ ጽሑፉን ከጸሐፊው ጋር ሆኖ አበሰለውና በ1984 ብሮድዌይ ላይ አቆመው። ዊልሰን ከዚያ በኋላ የጻፋቸውን ተውኔቶች የአሜሪካ ቴአትር እስከ ዛሬ እየተመገባቸው ነው።

ግን እኮ ነገሩ ለኛ አገር ባዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ሲቆጥር ቆይቶ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጓደኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰማሉ። ምሥጢሩ ካልገባ፣ ቤቱ ከጎደለ፣ ወርቁ ከሰሙ ካልገጠመ የኔታ እዚያው ያርሙታል። ወረቀት የለም፣ ብራና የለም፤ በአፍ የተነገረው በጆሮ ይመዘናል። የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባና የድጓው ቤተልሔም ያሉበት ደቡብ ጎንደር ተወልደሽ «ሥራዬን ሳያልቅ ሰው ሰማብኝ» ብለሽ ብታፍሪ ይገርመኛል።

2. አድማጭ ከጻፍሽው በላይ እንደሚሰማ እወቂ።

የዘመናዊ ቴአትራችን መጀመሪያ የሚባለውን «የአውሬዎች ኮመዲያ መሳለቂያ»ን የጻፈው በሩስያ የተማረው በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ነው። ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥቶ አውሬዎችን አናገረ። አዲስ አበባ ላይ ሲታይ መኳንንቱ አውሬ የተባለው ማን እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ ቴአትሩም ታገደ። ካንቺ የቴአትር ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ስሙ የተጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤም ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ይዞ መጥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎቹን እያሰለጠነ ተውኔት ሲያሳይ ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለሚገባው ነበር የሚያቀርበው።

ይህን የምነግርሽ ታሪክ ላስጠናሽ አይደለም፤ እሱንማ ፈተና ላይ ጽፈሽ አልፈሻል። በንባቡ ቀን ሰው አንቺ ባላሰብሽው ቦታ ቢስቅ ወይም ጸጥ ቢል እንዳትደነግጪ ነው። ኢትዮጵያዊ አድማጭ ወርቅ መፈለግ ልማዱ ነው። አንቺ «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» ብለሽ የጻፍሽውን እሱ ሌላ ነገር አድርጎ ሰምቶ ከጎኑ ካለው ጋር ሊተያይ ይችላል። የት ላይ እንደተያየ ምልክት አድርጊ። ያንን ትርጉም ትፈልጊው እንደሆነና እንዳልሆነ ማታ ቤትሽ ገብተሽ ትወስኛለሽ።

3. ገጸ ባሕርይሽ የሚያውቀውን ነገር ለሚያውቀው ሰው እንዳይናገር አድርጊ።

ይህንን በምሳሌ ላሳይሽ። አንድ የኛው አገር ልጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ የጀመረውን ተውኔት አምጥቶ አስነበበኝ። ክረምት ነው፣ ርብ ሞልቷል፣ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ናቸው። እንዲህ ይላል፦

«ባል፦ ውድ ባለቤቴ ሆይ፣ እንደምታውቂው የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳችንን ስለወሰደብን ከጊደራችን በቀር የምንሸጠው ንብረት የለንም።

ሚስት፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጊደሯ በሠርጋችን ቀን እናቴ የሰጠችኝ ስጦታ መሆኗን አትዘንጋ።»

እዚህ ፎገራ ውስጥ ሚስቱን «ውድ ባለቤቴ ሆይ» የሚል ገበሬ ካለ አሳዪኝ፤ እኔ አላጋጠመኝም። ግን ትልቁ ጥፋት እሱ አይደለም። «እንደምታውቂው» ካለ ለምን ይነግራታል? ታውቃለቻ! የሚናገረው ለሷ ሳይሆን አዳራሽ ለተቀመጠው ሕዝብ ነው። በወረቀት ላይ ይህ አይታይም፤ ዓይን ያልፈዋል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን አንባቢው ራሱ አፈረ፤ ድምፁ የዜና አንባቢ ድምፅ ሆነ። ልጁ የዚያኑ ማታ ወስዶ እንዲህ አድርጎ መለሰው፦

«ባል፦ ጊደሯ የት አለች?

ሚስት፦ ውኃ ልትጠጣ ወርዳለች።

ባል፦ ውኃውማ ደጃችን ድረስ መጥቶልናል።

(ዝም ይላሉ።)

ሚስት፦ የእናቴ ጊደር ናት።

ባል፦ ነገ ገበያ ነው።»

ጎርፉ አለ፣ ችግሩ አለ፣ የሠርጉ ስጦታ አለ፤ አንዱንም ግን ማንም አላብራራውም። ሚስትየዋ ጊደሯን የደበቀቻት መሆኑንም ጠርጥሪ። «ውኃውማ ደጃችን ድረስ መጥቶልናል» ሲባል የፎገራ ሰው ይስቃል፣ ሳቁም ሳያልቅ ያዝናል። «መጥቶልናል» የምትለዋን ቃል ተመልከቺያት፤ ያንን ምሬት በአንድ ገጽ መነባንብ አታመጪውም።

4. ጆሮሽን አሠልጥኚ።

መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የጻፈው፣ ኋላም ባንቺው ትምህርት ክፍል ያስተማረው፣ የአባቱን የአለቃ ለማን ጨዋታ በቴፕ ቀድቶ ከዚያ «መጽሐፈ ትዝታ»ን ያወጣ ሰው ነው። መጽሐፉን ስታነቢው ሽማግሌው ሲተነፍሱ፣ ሲያቋርጡ፣ ነገር ሲያሳጥሩ ይሰማሻል። ኮሜዲዎቹ ላይ ሰው ሁሉ እንደየራሱ የሚናገረው ያ ጆሮ ስለነበረው ነው እላለሁ። ዛሬ ቴፕ ተሸክመሽ መዞር አያስፈልግሽም፤ ኪስሽ ውስጥ ስልክ አለ። አስፈቅደሽ ቅጂ። ሩዝ መፈልፈያ ቤት ወረፋ የሚጠብቁትን፣ መናኸሪያ ላይ የወልድያን መንገድ የሚጠይቁትን፣ ማኅበር ላይ ጠላ የሚቀዱትን ስሚ። ሰው ሲጣላ ቃል ያሳጥራል፣ ሲዋሽ ያረዝማል፣ ሲለምን ከዳር ይጀምራል።

ሌላም አለ። ካነበብኳቸው የጀማሪ ጽሑፎች ብዙዎቹ ጸጋዬ ገብረመድኅንን መምሰል ይፈልጋሉ። ልጄ፣ የጸጋዬ ቋንቋ የጸጋዬ ነው። «ሀሁ በስድስት ወር»ን የሚሸከም ተዋናይ፣ ያንን የሚሸከም ዘመንና ጉዳይ ነበረው። የሰፈርሽ ሻይ ሻጭ በዚያ ቋንቋ ስትናገር በንባቡ ላይ ወዲያው ትጋለጣለች።

5. የወረቀቱን ነገር አደራ።

ይህ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ምክር ይመስልሻል፤ ንባብ ሲበላሽ ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ጽሑፍሽን በፓወር ግዕዝ ተይበሽ ፍላሽ ላይ ይዘሽ ማተሚያ ቤት ብትሄጂ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሊሆንብሽ ይችላል። ፒዲኤፍ አድርገሽ ሂጂ። ፊደሉን አተልቂው፣ መስመሩን አራርቂው፣ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ አሳትሚ፣ ገጹን ቁጠሪ። የገጸ ባሕርያቱን ስም በምሕጻር አትጻፊ፤ «አ» አስቴር ትሁን አበበ ተዋናዩ መሐል ላይ ማሰብ የለበትም። ጽሑፉን ለተዋንያኑ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ስጪያቸው። አማርኛ መናገርና የአማርኛ ጽሑፍ በመጀመሪያ እይታ አሳምሮ ማንበብ የተለያዩ ናቸው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል ጽሑፉ አይነግርሽም። «ይሰማል» ይጥበቅ ይላላ ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ትርጉምሽን ይገለብጠዋል። የሚያሻማውን ቃል በጥናቱ ላይ ለይተሽ ንገሪያቸው።

6. አንባቢ ስትመርጪ በጆሮሽ ምረጪ።

መልክ፣ ቁመት፣ ጓደኝነት ለንባብ አይሠራም። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚያቸው። የሁለት ወንዶች ድምፅ አንድ ዓይነት ከሆነ አድማጭ ያምታታቸዋል። የመድረክ መግለጫውን ለተረፈ ሰው አትስጪ፤ ጥሩ ድምፅ ያለው፣ ራሱን ወደ ኋላ የሚያደርግ ሰው ያንብበው። መግለጫውንም ለዚህ ቀን ብለሽ ቁረጪው፤ «በሐዘን ተውጣ፣ ያለፈውን ዘመኗን እያስታወሰች» የሚለውን ማንም እንዳያነበው። እሱ የተዋናይዋ ሥራ ነው። ራስሽ ግን አታንብቢ፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ካንቺ በላይ የሚያውቃት ባይኖርም አታንብቢ። የሚያነብ ሰው አይሰማም።

7. በንባቡ ቀን ከኋላ፣ ከዳር ተቀመጪ፤ ተዋንያኑን ሳይሆን ሰዉን እዪ።

አስቀድመሽ ተነሥተሽ «ይህን የጻፍኩት እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» አትበይ። ተውኔቱ ራሱ ይበል። ስክሪፕቱን በእጅሽ ይዘሽ ንባቡን በሱ ላይ አትከተይ፤ ያኔ በወረቀቱ ያለውን እንጂ የተነገረውን አትሰሚም። ባዶ ደብተር ይኑርሽ። ስልክ የት ላይ በራ? ሳል የት ላይ ተጀመረ? (ሳል ተላላፊ ነው፣ መሰላቸትም እንዲሁ።) ማን ወደ ማን ዞረ? ሳቁ ከየት መጣ፣ ከወጣቶቹ ወይስ ከጥግ ከተቀመጡት እናቶች? ተዋናዩ የቱ ዐረፍተ ነገር ላይ ትንፋሽ አጠረው? ትንፋሽ ካጠረው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዐረፍተ ነገሩ ነው። አንባቢው አንድን ቃል ተሳስቶ የተሻለ ቃል ካነበበም ሳታፍሪ ውሰጂው።

ከሁሉ በላይ ጸጥታን መለየት ልመጂ። የተመሰጠ ሰው ጸጥታና የተወ ሰው ጸጥታ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ወንበር አይንቋቋም። በሁለተኛው ሰው ዝም ብሎ እግሩን ያመቻቻል። ይህን ማንም መምህር ሊያስተምርሽ አይችልም፤ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ነው የምትለይው።

8. ከንባቡ በኋላ በሚደረገው ውይይት አፍሽን ያዢ።

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ልንገርሽ። የኛ ሰው ልጁን ሰው ፊት አያሳፍርም። «እንዴት ነበር?» ብለሽ ከጠየቅሽ «በጣም ቆንጆ ነው፣ በርቺ» ነው መልሱ፤ ተውኔትሽ አስተኝቶትም ቢሆን። እንግዲህ «ወደድከው?» አትበይ። «የት ላይ ረዘመብህ?» «ማንን ከማን አምታታህ?» «ሁለተኛው ገቢር ሲጀምር ምን ይመጣል ብለህ ጠበቅህ?» ብለሽ ጠይቂ። እነዚህን ሲመልስ እያመሰገነሽም እውነቱን ይነግርሻል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ «ዛሬ ለቀረ ሰው ታሪኩን ብትነግረው ምን ብለህ ትነግረዋለህ?» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። ሲተርኩት የዘለሉት ትዕይንት አላስፈላጊ ወይም ደካማ ነው። የጨመሩበትም ነገር ካለ ልብ በይ፤ ሕዝቡ የፈለገውና አንቺ ያልጻፍሽው ትዕይንት ሊሆን ይችላል።

ተናጋሪው ብዙ ዓይነት ነው። ተነሥቶ በደጉ ዘመን እሱ ስለሠራው ቴአትር የሚያወራ ጋሼ ይኖራል፤ አክብረሽ ስሚው፣ ምናልባት መጨረሻ ላይ አንዲት ቁም ነገር ይጥል ይሆናል። ያንቺን ትቶ የራሱን ተውኔት የሚጽፍልሽ የክፍል ጓደኛ አለ፤ «ልጅቷ መጨረሻ ላይ ብትሞት» ይልሻል። መድኃኒቱን ተዪው፣ ሕመሙን ያዢ፤ መጨረሻው አልጣመውም ማለት ነው። ስለ ፊደል ግድፈት የሚያነሣም አይጠፋም። ለማንም መልስ አትስጪ። መከራከር ከጀመርሽ ሰዎቹ እውነቱን መናገር ያቆማሉ፤ አንቺም መስማት ታቆሚያለሽ። ነጥብ የሚሰጡሽ መምህራን ፊት ዝም ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ዝም በይ፣ ጻፊ።

9. የሌላ ሰው ፎገራ አትጻፊ።

እረኛ፣ ዋሽንት፣ ጀንበር ስትጠልቅ፤ ይህንን ፎገራን ያላየ ሰውም ይጽፈዋል። የኛ ፎገራ ግን ሌላ ነው። ሩዝ እዚህ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ገና በሰው ዕድሜ ውስጥ ያለ ታሪክ ነው ማለት ነው። ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ለከብት እንጂ ለእህል ብዙም የማይታሰብ የነበረ ረግረግ ዛሬ የሩዝ ማሳ ነው። እንጀራው ከሩዝ ተደባልቋል፣ ጠላውም ከሩዝ ይጠመቃል፣ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዝርያ ሕፃን ያውቀዋል፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚሁ ወረታ ነው። ግጦሹ ማሳ ሲሆን ያቺ በወተቷ ስሟ የተጠራ የፎገራ ላም የት ሄደች? ያንን ጥያቄ አባትና ልጅ ቤት ውስጥ ቢጣሉበት እኮ ተውኔት ነው። እምቦጭ ጣናን ሲሸፍን ዓሣ አጥማጁ ምን አለ? በ2012 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ቤት ሲያፈናቅል ማን መጀመሪያ ከብቱን፣ ማን መጀመሪያ እናቱን አወጣ? የመፈልፈያ ቤቱ ባለቤት፣ ደላላው፣ ዱቤ የወሰደችው ባልቴት፤ አንድ ክፍል ውስጥ አስገቢያቸውና በሩን ዝጊ።

የዚህ አገር ልጅ ስትሆኚ ቴዎድሮስን ለመጻፍ እንደምትፈተኝ አውቃለሁ። መድፉ ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት ከዚህ ሩቅ አይደለም። ግን ግርማቸው ተክለሐዋርያት ጽፎታል፣ ጸጋዬ ጽፎታል፣ ጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ»ን ሠርቶበታል። እነሱ ያላዩት ነገር ካላየሽ ንጉሡን ይረፉ በያቸው። ስለ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ግን እኔ እስከማውቀው ገና ማንም አልጻፈም።

10. ከንባቡ ማግስት አትንኪው።

ሳምንት ይቆይ። መጀመሪያ የሚመጣብሽ ስሜት ወይ ሁሉንም መቅደድ ወይ አንድም ቃል አለመንካት ነው፤ ሁለቱም ኩርፊያ ናቸው። ሲበርድልሽ ማስታወሻሽን አውጪ። ሦስት ሰው የሰለቸበት ቦታ ይቆረጥ። አንድ ሰው ብቻ የሰለቸበት ይቆይ። የመጀመሪያውን ትዕይንት አውጥተሽ ከሁለተኛው ጀምረሽ ሞክሪው፤ የጀማሪ ተውኔት ብዙ ጊዜ ከጀመረበት ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። የደበበ ሰይፉን «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» እንደገና አንሥተሽ አንብቢው፤ ለፈተና ስታነቢው ያልገባሽ ነገር አሁን ይገባሻል።

መድረክ በቶሎ ባታገኚ ሬዲዮን አትርሺ። የሕዝብ ቴአትር ቤቶቹ ወረፋቸው ረጅም ነው፣ ገምጋሚው ብዙ ነው። ሬዲዮ ግን እንደ ንባቡ ሁሉ በቃልና በድምፅ ብቻ የሚሠራ ነው፤ «የቀን ቅኝት» በየገጠሩ እንዴት ይደመጥ እንደነበር እናትሽን ጠይቂያት። በቃሉ ብቻ ቆሞ ሰው ፊት የተነበበ ተውኔት ለሬዲዮ ለመሰናዳት ብዙ አይቀረውም።

11. «ሴት ጸሐፊ» ሲሉሽ አትከራከሪ፣ አትኩሪበትም፤ ሥሪ።

የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ልጅ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ስትመራ ለተማሪዎቿ ተውኔት ትጽፍ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ»ንም ትታልናለች። በኛ ጊዜ ደግሞ የመዓዛ ወርቁ ተውኔት ድንበር ተሻግሮ በካምፓላ ዓለም አቀፍ የቴአትር ፌስቲቫል ታይቷል። መንገዱን ሌሎች ጀምረውታል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

12. ስድስት ኪሎ የተነበበውን ወረታ አምጪው።

አዲስ አበባ ላይ የሚሰሙሽ የቴአትር ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። የሙያውን ጉድለት ያዩልሻል። የዚህ አገር ባል ለሚስቱ እንዲህ ይላት እንደሆነና እንዳልሆነ ግን የሚያውቁት እዚህ ያሉት ናቸው። ኪነት ወደ ገጠር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሊያስተምር ነው የሚመጣው፤ ስለ ጤና፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ንጽሕና። ሊማር የሚመጣ ቴአትር ብዙም አላየንም። አንቺ ለመስማት ነይ።

ክረምት አትምጪ፤ ውኃው መንገድ ይዘጋል፣ ሰውም ልቡ ወንዙ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥም አይሆንም፣ አጨዳና ውቂያ ነው። ጥር ጥሩ ነበር፣ ግን ሰርግ አለ፤ ከሰርጉ ቀን የተረፈ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንፈልጋለን። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂኝ። ሽማግሌዎቹን ከፊት፣ ልጆቹን ከጎን አስቀምጫለሁ። መግቢያ አናስከፍልም። ወረቀት ይዘው ሲያነቡ ሲያዩ «ገና አልሸመደዱትም እንዴ?» የሚል አይጠፋም፤ እሱን ለኔ ተዪልኝ።

አንባቢዎቹን ሁሉ ከአዲስ አበባ አታምጪ። ሁለቱን አምጪ፣ የቀሩትን ከዚሁ ከድራማ ክበቡ ልጆች እናገኛለን፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይሽን የምታነብ ልጅ ከወዲሁ አስቤያለሁ። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ርእሰ መምህሩን አነጋግሬ አስፈቅዳለሁ። አንቺ ቀኑን ቁረጪና ጻፊልኝ።